በማርያም ዕለት የተፈታችው ሞተር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ጎን የቆርቆሮ ዳስ ጥዬ ሞተር እጠግን በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሞተር ፈትቼ ስንቱን ገጥሜያለሁ። የጤና ጣቢያዋን አሮጌ ሞተር ሳይክል ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የኮራሁት በእሷ ነውና።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በከተማችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ያስተምሩ ነበር። አቋቋም ማለት ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አስማምቶ ማቅረብ ነው። አንዲት ምት ከቀደመች ወይም ከዘገየች የአባቴ ፊት ወዲያው ይለዋወጣል። እኔንም ወራሻቸው ሊያደርጉኝ ገና በልጅነቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ያቆሙኝ ጀመር።

ዳሩ ግን ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ጠፋሁና ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ውስጥ ተወሸቅኩ። ሙያውን ይዤ ስመለስ እጄ ጥቁር፣ ልብሴ ግራሶ በግራሶ ነበር። አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ከዜማ ወደ ጭስ" አሉ። ያቺ አንዲት ቃላቸው እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ቀረች።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ማታ ማታ ከአንድ መሶብ እንበላለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ እናወራለን። ስለ ሥራዬ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በእኔ ደጅ ያልፋል፤ እሳቸው ግን በላይ በኩል ዞረው ነው የሚሄዱት። ከተማውም ነገሩን አውቆ ኖሮ ሸዋንግዛው የሚለውን ስሜን ትቶ "መሪጌታ ካቴና" ይለኝ ጀመር፤ ካቴና የሞተር ሰንሰለት ነው። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከአንገት በላይ።

አሁን ወደ ሞተሯ ልምጣ።

ከጃንሆይ ዘመን የተረፈች ነበረች። ቀለሟ ከመላጡ የተነሳ ቀይ ነበረች ብሎ ለመናገር ምስክር ያስፈልጋል። ደምሴ የሚባል ጤና ረዳት ክትባት ጭኖባት ወደ ሞላሌም ወደ ግሼም ይወጣል ይወርዳል። ካንዴላዋን እየጠረግኩ፣ ፍሬኗን እያጠበቅኩ ለዓመታት ያኖርኳት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም ግን ደምሴ ከግሼ ሲመለስ ጓሳ ዳገት ላይ አቅም ከዳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር መጣ። በጭስ ማውጫዋ ትተኩሳለች። ትንሽ አቀበት ስታይ ደምሴ ወርዶ ካልገፋት አትሄድም።

ከፍቼ ሳያት በሽታዋ ገባኝ። እዚህ ላይ ሞተር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ከታች የሚሽከረከር ዘንግ አለ። ከላይ ደግሞ ሞተሯ አየር የምታስገባበትንና ጭስ የምታስወጣበትን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ዘንግ አለ፤ ካም ይባላል። ሁለቱን የምታስተሳስር ቀጭን ካቴና አለች። የላይኛውና የታችኛው እኩል ካልሄዱ ሞተሯ የምትተነፍስበት ጊዜ ይዛባል። የዚህችኛዋ ካቴና በዕድሜ ብዛት ተለጥጣ እንደ አሮጌ መቀነት ላልታ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ዘውዲቱ ትባላለች። ቃል የማታበዛ ሴት ናት። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ሸዋንግዛው፣ የማይሠራ ዕቃ ተጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለስ የሚል ትእዛዝ ደርሶኛል። ክትባት የሚያመጣው መኪና ሲመለስ ይጭናታል። አድናታለሁ ካልክ ግን አዲስ ካቴና ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ።"

"አድናታለሁ" አልኳት።

"እስከ ግሼዋ ራቤል ከተማ ትወጣለች? በግሼ በኩል ኩፍኝ ገብቶ ልጆች እየጣለ ነው። በበቅሎ ብንልከው በረዶው ሟሙቶ ክትባቱ መንገድ ላይ ይበላሻል። ጓሳ ላይ ከቆመችም ያው ነው።"

"ትወጣለች።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ሞተሯ ራቤል ካልደረሰች ክትባቱም ይበላሻል፣ እሷም ተጭና ሄዳ ቁርጥራጭ ብረት ትሆናለች፣ እኔም በከተማው ፊት የወፍጮ ቀበቶ ከመቀጠል የማያልፍ ሰው ሆኜ እቀራለሁ።

ካቴናዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ መጣች። ድፍን ቀለበት ናት፤ መቀጠያ የላትም። እሷን ለማስገባት ሞተሯን እስከ ሆዷ መፍታት ግድ ሆነ። እኔም መሬት ላይ አጎዛ አነጠፍኩ፤ ትንንሹ ዕቃ ጠጉሩ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ቆዳውን ወደ ላይ አደረግኩ።

ከመፍታቴ በፊት ግን ሁልጊዜ የማደርጋት አንዲት ነገር ነበረችኝ። እኛ አገር በግ ከሌላው በግ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ምልክት ይደረግበታል። ጆሮው ጫፍ ላይ ይበጣል፤ አለዚያም ቀለም ይቀባል። ምልክት ያለው በግ የትም መንጋ ቢገባ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሞተር ስፈታም እንዲሁ ነኝ። ካሙ ላይ ባለው ባለጥርስ ቀለበትና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ በሚስማር ጭረት አደርጋለሁ፤ ስገጥም ጭረትን ከጭረት አገናኛለሁ። ደብረ ብርሃን ያስተማሩኝ ሰዎች "የፋብሪካውን ምልክት ፈልግ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የመንዝ ልጅ ነኝና የማምነው የገዛ ምልክቴን ነው።

ጭረቴን አድርጌ ፈታኋት። ቫልቮቿን አሸሁ፣ የፒስተኗን ቀለበት ቀየርኩ፣ ዘይት እንዳያፈስ ከጎን ክዳኗ ሥር የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆረጥኩ። አዲሷን ካቴና አጥልቄ ጭረቴን ከጭረቴ ገጠምኩ፤ ካቴናዋን አጠበቅኩ፤ ዘጋሁ። ስፈታ የተላጠው ጣቴ እንኳ አልተሰማኝም።

ክትባቱ የመጣው በማርያም ዋዜማ ነው። ሲስተር ዘውዲቱ "ነገ ጠዋት ይሄዳል" አለች። መኪናውም ተመላሽ ዕቃ ሊጭን እዚያው አደረ።

በዚያን ጊዜ ካድሬዎቹ በዓል ሥራ አይከለክልም እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይሰብኩን ነበር። የመንዝ ሰው ደግሞ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ በማርያም ዕለት ማጭድ አያነሳም። ሞተር ማስነሳት ግን እንደ በቅሎ መጫን ስለሚቆጠር ነውር አልነበረበትም። ስለዚህ ቅዳሴ ወጥቶ ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ ሞተሯን ወደ ውጭ አወጣኋት።

ረገጥኳት። ዝም። ደግሜ ረገጥኳት፤ ሳለች። ላብ በላብ ከሆንኩ በኋላ ተነሳች። የሚንኳኳው ነገር ጠፍቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ቀልደኛ "መሪጌታ ካቴና ቀደሰ!" ብሎ ሰውን አሳቀ። ደምሴ ክትባት ያለበትን የበረዶ ሳጥን በእኔው ሽቦ ከኋላዋ ያስር ጀመር። እኔም ደረቴን ነፍቼ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ቆምኩ።

በዚህ መሐል ነው አባቴን ያየኋቸው። በላይ በኩል ዞረው አልሄዱም። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ነጭ ኩታቸውን እንዳጣፉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል። በመቋሚያቸው መሬቱን ከሞተሯ ጋር ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ አቆሙ።

"ሸዋ።"

"አቤት አባባ።"

"ይህች አልዳነችም።"

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ዞረው ሲያልፉኝ ኖረው፣ ሰው ሁሉ እልል ባለልኝ ቀን መጥተው ይህን ይበሉኝ?

"አባባ፣ አዲስ ካቴና ነው ያስገባሁላት። ገና ስለተነሳች ነው፤ ስትሞቅ ትስተካከላለች።"

"ካቴና የምትለውን አላውቅም" አሉ ሳይቆጡ። "ድምጿን ግን አውቃለሁ። ጾም ሳይገባ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስታልፍ ምቷ እኩል ነበር። ጾም ውስጥ ከጓሳ የተመለሰች ለት ምቷ ተናጋ። አሁንም ያው ነው። ሳሏ ጠፍቷል፤ ምቷ ግን አልተመለሰም።"

ወደ ሞተሯ ዞርኩ። ጾም ውስጥ ከጓሳ የተመለሰች ለት! ለካ ያን ቀን ላልታ የነበረችው ካቴና ዳገቱ ላይ አንድ ጥርስ ዘላለች። አቅም የከዳትም ለዚህ ነው። እኔ ጭረቴን ያደረግኩት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የታመመችውን ሞተር ነው እንደ በግ ምልክት ያደረግኩባት። አዲስ ካቴና አገባሁላት፤ በሽታዋን ግን ጭረት ከጭረት አስማምቼ ወደ ቦታው መለስኩላት። እንዲህ ሆና ሜዳውን ትሄድ ይሆናል፤ ጓሳን ግን አትወጣም።

ሞተሯን አጠፋሁ። ደምሴ ደነገጠ። ሲስተር ዘውዲቱ "ምን ሆንክ?" አለች።

"እንደገና ልፈታት ነው።"

ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ "በማርያም? ብረት በማርያም ዕለት ሊቀጠቀጥ?" ብለው አማተቡ። ሲስተር ዘውዲቱ የበረዶውን ሳጥን አየች፣ ወደ ጓሳ በኩል ያለውን ሰማይ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ አባቴን አየሁ። የማርያም መሪጌታ እሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉ ማንም አይነካትም፤ እኔም ብሆን።

አባቴ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ ያወጡታል ይላል ወንጌሉ። የግሼ ልጆች ከበሬ ያንሳሉ?" አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ተመልሰው "ፍታት" አሉኝ።

መፍቻዬን አነሳሁ።

የላይኛውን ክዳን ከፈትኩ። ባለጥርሱን ቀለበት ለማውጣት ካቴናዋን አንድ ሰው ከላይ አንጠልጥሎ መያዝ አለበት፤ ከወደቀች ሆዷን እንደገና መክፈት ነው። ሁልጊዜ በሽቦ ነበር የማስራት። ሽቦዬን ግን ደምሴ ለሳጥኑ ጨርሶታል። እሱ ደግሞ ሞተሯ እንዳትወዛወዝ መሪዋን ጨብጧል። ዙሪያዬን ሳይ አባቴ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ተንበርክከዋል።

"የቱ ጋ ልያዝ?"

እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ዘይት ውስጥ ከተው ካቴናዋን አንጠለጠሏት።

"እንዳይለቋት፣ አባባ።"

"ጸናጽል ይዤ እስኪነጋ የቆምኩ ሰው ነኝ። አልለቅም።"

ቀለበቱን በቤንዚን ፈተግኩት። ጥቁሩ ዘይት ሲለቅ የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ። ከእኔ ጭረት በአንድ ጥርስ ትርቃለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው። ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጥቼ፣ ነጥቧን ከቦታዋ አስተካክዬ፣ ቀለበቱን መለስኩ። ካቴናዋን ከአባቴ ጣት ላይ ተቀብዬ አንድ ጥርስ አሻግሬ አጠለቅኳት። አጠበቅኩ። በእጄ ደጋግሜ አዞርኩ። ነጥቧ ዞራ ዞራ ከቦታዋ ትመለሳለች። ክዳኑን ዘጋሁ።

አባቴ ሲነሱ የኩታቸው ጫፍ በጥቁር ዘይት ተነክሮ ነበር። እናቴ ከሰዉ መሐል "ኧረ መሪጌታ! የማርያም ኩታዎን!" ብላ ጮኸች። "ይታጠባል" አሉ እሳቸው። ለኩታቸው የሚሳሱትን ያህል ለምንም አይሳሱም ነበር።

ስረግጣት ወዲያው ተነሳች። ልዩነቱን ለመስማት መሪጌታ መሆን አላስፈለገም። የቅድሙ ድምፅ የተደናበረ ነበር፤ ይህኛው እንደ ከበሮ ሙሉ ነው። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዘይት በነካው እጃቸው መቋሚያቸውን አንስተው መሬቱን መቱ። መቱ፣ መቱ፣ አላቆሙም።

"አሁን ገጠመች" አሉና በደጄ በኩል ባለው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ። ደምሴም ወደ ራቤል ነዳ።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ስልክ የለ፣ ምን የለ። ያን ቀን አልተመለሰም፤ መከተብም ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ጓሳ በኩል ያለው ሰማይ ጉም ለበሰ። የመኪናው ሾፌር የሞተሯን ቦታ ክፍት ትቶ ሌላውን ዕቃ ጭኗል። ሲስተር ዘውዲቱ በደጄ ስታልፍ ጉሙን አየት አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። እጄ ሥራ አልይዝ ሲለኝ ተነስቼ ወደ ማርያም ሄድኩ። አባቴ ከዛፍ ሥር ያስተምራሉ። ከተማሪዎቹ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አዩኝና ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከበሮው ይመታል፣ መቋሚያው ይነሳል ይወርዳል። እኔ ግን ጆሮዬ ጓሳ ነው።

ድንገት አባቴ እጃቸውን አነሱ። ከበሮው ቆመ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። እኔ የሚሰማኝ ነፋስ ብቻ ነው።

"መጣች" አሉ።

ቆይቶ እኔም ሰማኋት። ከሩቅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ምቷ እኩል ሆኖ፣ ሳትደናበር ትመጣለች። ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ። አጠገቤ የቆመ አንድ ጢማም ደቀ መዝሙር ፈገግ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"የኔታ ይቺ ሞተር ስታልፍ ሁልጊዜ ያስቆሙናል" አለኝ። "እስክታልፍ ያዳምጣሉ። ከዚያ 'ልጄ የሚያክማት ናት' ይሉና ወደ ዜማው ይመልሱናል።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን የማላውቀው ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ። በደጄ ላለማለፍ የሚዞሩት አባቴ የሥራዬን ድምፅ ለዓመታት በጆሯቸው ሲጠብቁት ኖረዋል። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቻቸው መልሰው "በሉ፣ ከነበርንበት" አሉ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እየሮጥኩ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድኩ።

ደምሴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳጥኑን እየፈታ ነበር። ሳጥኑ ባዶ ነው። "ጓሳ ላይ አንዴም አልወረድኩም" አለኝ። "እየዘፈነች ነው የወጣችው።" ሲስተር ዘውዲቱ ሳጥኑን ከፍታ አየችና ወደ መኪናው ሾፌር ዞራ "አንተ ሂድ፣ የምንመልሰው ሞተር የለም" አለችው። እንዲህ ያለ የሚጥም ንግግር ከዚያ ወዲህም አልሰማሁ።

ዛሬ አባቴ በሕይወት የሉም። እኔም ደብረ ብርሃን የራሴ ጋራዥ አለኝ። ሞተር ገጥሜ ስጨርስ አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳምጣለሁ፤ በእግሬም መሬቱን መታ መታ አደርጋለሁ። ሠራተኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የፋብሪካውን ምልክት ሳልፈልግም አንድም ሞተር አልዘጋም።

በጋራዤ በር ላይ በትልቁ "መሪጌታ ካቴና" ብዬ አስጽፌያለሁ። ደንበኛ ሁሉ አይቶ ይስቃል፤ ይህ ምን የሚሉት ስም ነው ይለኛል። ድሮ በዚህ ስም ሲጠሩኝ ከአንገት በላይ ነበር የምስቀው። አሁን ከልቤ እስቅና "የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ካቴናዋን አብረን ነው የገጠምናት" እለዋለሁ።